ፋኑን ዝም ማሰኘትና ሙቀቱን መቀነስ አንድ አይደሉም

ድምፅ ለማጉላት የተገዛ ዕቃ የራሱን ድምፅ ሲያሰማ ያናድዳል። አምፕሊፋየር ያለው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። መዝሙሩ ቆሞ ጸሎት ሲጀመር ከጥግ በኩል "እሽሽሽ" የሚል ነገር ይሰማል። ፋኑ ነው።

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ ወይም በሺንሺቾ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት የከፈተ ሰው የሚሰማው ታሪክ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ሞንታርቦ የሚነዳ ትልቅ አምፕሊፋየር ተሸክመው ይገባሉ። "ወንድሜ፣ አምልኮ ላይ እየጮኸ ሲያስቸግረን አንዱ ልጅ ፋኑን ነቀለልን። ሁለት ሳምንት አሪፍ ሠራ፤ ከዚያ ድንገት ጠፋ" ይላሉ። ክዳኑ ሲከፈት የፋኑ ሽቦ ተቆርጦ በናስትሮ ተጠቅልሏል፤ ትራንዚስተሮቹ ተጠብሰዋል። ዕቃው የታመመው "አሪፍ ሠራ" በተባለባቸው ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነበር።

የዚህ ጸጥታ ጉዳይ ከአዳራሽ ይልቅ ጎልቶ የሚታይበት ሥራ አለ፤ አማተር ሬዲዮ።

ለማያውቀው አንባቢ፦ አማተር ሬዲዮ ማለት ፈቃድ ያለው ሰው ለንግድ ሳይሆን ለመማር፣ ለመሞከርና ለመገናኘት በራሱ ማሠራጫ በዓለም ዙሪያ ካሉ መሰሎቹ ጋር የሚያወራበት ሥራ ነው። የቴሌ ማማም ሆነ የኢንተርኔት ገመድ አይፈልግም። አንቴና፣ ሬዲዮና ባትሪ ይበቃዋል። አጭር ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ አዮኖስፌር ከሚባለው ንብርብር ይመለስና ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ይሻገራል።

ኢትዮጵያ በዚህ ዓለም ውስጥ የራሷ መለያ አላት፤ "ኢቲ" በሚሉ ፊደላት የሚጀምር ጥሪ የእሷ ነው። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክለብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ የሚገኘው አዲስ አበባ 5 ኪሎ፣ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ነው። ማኅበሩን ከመሩት መካከል በኢቲ3ሲድ መለያው በዓለም የሚታወቀው ሲድ ሜይ ይገኝበታል። ከአገራችን የሚሰሙ ጣቢያዎች ጥቂት ስለሆኑ አንድ ኢቲ አየር ላይ ሲወጣ ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ የሚጠሩት በአንድ ጊዜ ይረባረባሉ። ከዚያ ጫጫታ ውስጥ አንዱን ደካማ ድምፅ ለይቶ መስማት የኦፕሬተሩ ሥራ ነው። ማሠራጫው የቱንም ያህል ቢጮህ ጆሮ ካልሰማ ግንኙነት የለም።

እንግዲህ ያ የሆሳዕና ጠጋኝ የሬዲዮ ፍቅር ያደረበት፣ አንድ ቀን ፈቃድ አውጥቶ ከቤቱ ለመጥራት የሚያስብ ሰው ነው እንበል። በዚህ ጊዜ የፋን ጩኸት ለእሱ የምቾት ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። ጆሮውን የሚሸፍን፣ በማይኩ ገብቶ አየር ላይ የሚወጣ፣ ከሌላ አህጉር በጭንቅ የደረሰን ድምፅ የሚውጥ ነገር ይሆንበታል። ዝም ሊያሰኘው መፈለጉ ትክክል ነው። ጥያቄው እንዴት የሚለው ነው።

መጀመሪያ ጩኸቱ የምን ዋጋ እንደሆነ ይታወቅ። 1000 ዋት ወደ አንቴና የሚልክ አምፕሊፋየር ከመብራቱ 1700 ዋት ግድም ይወስዳል። የቀረው 700 ዋት ሙቀት ሆኖ ሣጥኑ ውስጥ ይቀራል። ጫማ ካርቶን በምታህል ሣጥን ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ እንደማቃጠል ነው። ያንን ሙቀት የሚያወጣው አየር ብቻ ነው። የሚገባው አየር 20 ዲግሪ ብቻ ሞቆ እንዲወጣ ከተፈለገ፣ በባሕር ጠለል ላይ በየሴኮንዱ 29 ሊትር ግድም አየር ማለፍ አለበት።

ሆሳዕና ግን ባሕር ጠለል ላይ አይደለችም።

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2177 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች፤ ዱራሜም ከ2000 ሜትር በላይ ናት። ደጋ ላይ ባቄላ ለመብሰል እንደሚዘገይ እናቶች ያውቃሉ። የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ሆሳዕና ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ግድም ነው። ያው ቀጭን አየር ፋኑ ላይም ይደርሳል። በእኩል የሙቀት መጠን የሆሳዕና አየር ክብደቱ ከባሕር ጠለሉ 77 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሙቀት የሚሸከመው የአየሩ ክብደት እንጂ ስፋቱ አይደለም። ስለዚህ በ29 ሊትር ይሠራ የነበረው ሥራ እዚህ 38 ሊትር ይፈልጋል። ፋኑ በ30 በመቶ መፍጠን አለበት ማለት ነው።

የፋን ጩኸት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር በእኩል አይሄድም፤ በጣም ቀድሞ ይሄዳል። የፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ 15 ዴሲቤል ግድም ይወርዳል። በ30 በመቶ ሲጨምር ደግሞ ወደ 6 ዴሲቤል ይወጣል፤ ቀጭኑ አየር ራሱ ከዚያ ላይ ጥቂት ቢቀንስለትም። በአጭሩ፣ ደጋ ላይ በአግባቡ የሚቀዘቅዝ አምፕሊፋየር ከቆላው ወንድሙ ይልቅ ቢጮህ አይደንቅም።

"ግን ሆሳዕና ብርድ አይደል?" የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ብርዱ ይረዳል። ጅቡቲ ላይ ከሚሠራ ሰው ይልቅ የሆሳዕናው ዕድለኛ ነው። ነገር ግን የቱቦ አምፕሊፋየር ውስጥ ያለው ቱቦ ከክፍሉ አየር በ150 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሞቃል። ለምሳሌ 3-500ዜድ የሚባለው የታወቀ ቱቦ የታችኛው መጋጠሚያው ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ ሠሪው ያስጠነቅቃል። የአየሩ ክብደት በሩብ ገደማ ሲጎድል የ10 ዲግሪ ብርድ ያንን አይክስም። የቱቦ ሠሪዎች በመመሪያቸው ላይ ለባሕር ጠለል አንድ፣ ለከፍታ ቦታ ሌላ የአየር መጠን የሚጽፉት ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ እንምጣ።

አማተሮች እጅ ከሚገቡት ትልልቅ አምፕሊፋየሮች ብዙዎቹ አሜሪካ ሠራሽ ናቸው። የአሜሪካ መብራት 60 ሄርዝ ነው፤ የእኛ 50 ሄርዝ። ትራንስፎርመሩ ላይ ያለው ማዞሪያ ቮልቴጁን ወደ 220 ያስተካክላል፤ ሄርዙን ግን አይነካውም። ከመብራቱ በቀጥታ የሚሠራ የፋን ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከሄርዙ ነው። ለ60 ሄርዝ የታሰበ ሞተር እዚህ ሲሰካ ከስድስት አንድ እጁ ፍጥነቱ ይቀንሳል። 83 በመቶውን ይዞ ይቀራል። ይህ 83 በመቶ በሆሳዕናው 77 በመቶ ሲባዛ 64 በመቶ ይሆናል። ፋብሪካው ካሰበለት የአየር ክብደት አንድ ሦስተኛው የለም።

እና ምን ይሰማል? ምንም። ፋኑ ቀስ ስላለ ድምፁ ይለሰልሳል፤ አየሩ ስለሳሳ ይበልጥ ይለሰልሳል። ባለቤቱ ደስ ይለዋል። "እንዴት ያለ ጸጥተኛ ዕቃ ነው!" ይላል። ማታ ማታ በየቤቱ ምጣዱና ምድጃው ሲበዛ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ እንዲህ ያለው ሞተር የባሰ ይዝላል፤ ዕቃው የባሰ ጸጥ ይላል። ደጋ ላይ ጸጥ ያለ ፋን ሁልጊዜ መልካም ዜና አይደለም። አንዳንዴ ቀስ ብሎ የሚመጣ ውድመት ድምፁ እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ጠጋኙ መሣሪያውን ከማንሳቱ በፊት ቴርሞሜትር ማንሳት አለበት። የሚገባውን አየርና የሚወጣውን አየር ይለካል፤ ልዩነቱን በወረቀት ይጽፋል። ጩኸቱን ለመቀነስ የሚያደርገው እያንዳንዱ ነገር በዚያ ቁጥር ይፈተናል። ድምፁ ወርዶ ቁጥሩ ካልጨመረ መፍትሔ ነው። ድምፁ ወርዶ ቁጥሩ ከወጣ ግን ችግሩ ቦታ ቀየረ እንጂ አልተፈታም። ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል የሚለውን የቆየ የሙያ ብሂል አይረሳም።

ከዚያ ቀላል ከሆነው ይጀምራል። አንደኛው ጽዳት ነው። በበጋ የሀዲያና የከምባታ መንገዶች አቧራ የማይገባበት ቤት የለም። አቧራ የፋኑን ምላስ ሚዛን ያስታል፣ የሙቀት ማስወጫውን ብረት ክንፎች ይደፍናል። በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል። በግፊት አየር የሚነፋ ከሆነ ምላሱን በጣት መያዝ ያስፈልጋል፤ በነፋሱ ከመጠን በላይ ከተሽከረከረ ኩሽኔታው ይበላሻል። የሚያፏጭ ኩሽኔታ ደግሞ በዘይት ጠብታ ለጥቂት ቀን ቢታለልም መቀየሩ አይቀርም።

ሁለተኛው የአየሩ መንገድ ነው። ብዙ ሣጥኖች ፋኑ ፊት ያለው ወንፊት ቆርቆሮውን በመብሳት የተሠራ ነው። አየሩ በየቀዳዳው ጠርዝ እየተቀደደ ያፏጫል። ያንን ቆርጦ በክብ ሽቦ መከለያ መተካት፣ በፋኑና በመከለያው መካከል ትንሽ ርቀት መተው፣ ፋኑን ከቆርቆሮው በጎማ መለየት፤ እነዚህ ሦስቱ አየሩን ሳይቀንሱ ድምፁን ይቀንሳሉ። አምፕሊፋየሩን ቁም ሣጥን ውስጥ መክተት ግን ድምፁንም አየሩንም አብሮ ማፈን ነው።

ሦስተኛው ፋኑን ራሱን መለወጥ ነው። ትንሽና ፈጣን ከሚሆን ትልቅና ቀርፋፋ ይሻላል። ከ8 ሴንቲ ሜትሩ ይልቅ የ12 ሴንቲ ሜትሩ ያንኑ አየር በዝግታ ያሳልፋል። እዚህ ላይ ግን ወጥመድ አለ። በቱቦው ሶኬት በኩል አየር የሚገፋው ቀንድ አውጣ የሚመስለው ብሎወር በጠባብ መንገድ የመግፋት አቅም አለው፤ የኮምፒውተር ፋን ያ አቅም የለውም። ጸጥ ብሎ ይሽከረከራል፣ አየሩ ግን ቱቦው ጋ አይደርስም። በ12 ቮልት የሚሠራውን ፋን በ7 ቮልት ማዝገምም ይቻላል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ወደ ሙሉ ፍጥነት የሚመልሰው የሙቀት ማብሪያ ከተገጠመለት ብቻ። የአንዳንዱ ርካሽ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ደግሞ የጆሮን ጩኸት አስወግዶ በአንቴናው በኩል የኤሌክትሪክ ሹክሹክታ ያስገባል። ኦፕሬተሩ ከአንዱ ጩኸት አምልጦ ሌላው ላይ ይወድቃል።

አራተኛው ርቀት ነው። አምፕሊፋየሩ ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ የለበትም። በአጭር ሞገድ ላይ ጥቂት ሜትር ተጨማሪ የአንቴና ገመድ የሚያስከፍለው ኪሳራ ኢምንት ነው። ጎረቤት ክፍል ማስቀመጥ፣ ማይኩን ጀርባውን ወደ ፋኑ አዙሮ ቀርቦ መናገር፣ ጆሮን የሚሸፍን ሄድፎን ማድረግ፤ እነዚህ ዕቃውን ሳይነኩ ሰውየውን ያሳርፋሉ። ፋኑ ሥርጭት ካበቃ በኋላም ለጥቂት ደቂቃ ይሥራ፤ ቱቦው የሚጎዳው ገና እንደጋለ አየሩ ሲቆምበትም ነው።

ለጀማሪ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የቱቦ አምፕሊፋየር ውስጥ 2000 እና 3000 ቮልት ይገኛል። ሶኬቱ ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ ይዘው ይቆያሉ። ፋን ለማጽዳት ብሎ ክዳን የከፈተ ሰው በዚያው ሊቀር ይችላል። ሙያውን ከሚያውቅ ሰው ጋር እንጂ ብቻውን አይሞክረው።

አምስተኛው መፍትሔ ብዙ ሰው የማይወደው ነው። አምፕሊፋየሩን ማጥፋት። ከ100 ዋት ወደ 1000 ዋት መውጣት የሚጨምረው 10 ዴሲቤል ነው፤ በተቀባዩ የሬዲዮ ጠቋሚ ላይ ሁለት ደረጃ አይሞላም። ሰማዩ በተከፈተ ጊዜ 100 ዋት በ14 ሜጋ ኸርዝ ከሆሳዕና ተነሥቶ ብዙ የሀዲያ ቤተሰብ ልጁን የላከባትን ጆሃንስበርግ ይደርሳል። ርቀቱ 4000 ኪሎ ሜትር አይሞላም። አንቴናውን ከፍ ማድረግ ፋን አይፈልግም፤ መቀበልንም አብሮ ያሻሽላል። ከሁሉ ጸጥተኛው ፋን ያላስፈለገው ነው።

ይህ ሁሉ ለአንድ የትርፍ ጊዜ ሥራ ሲባል አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 ባራቲ ፕራሳድ የተባለች ህንዳዊት የአማተር ሬዲዮ ባለሙያ ቡድን ይዛ አንዳማን ደሴቶች ላይ ነበረች። የሄዱት ከዓለም አማተሮች ጋር ለመገናኘት ነበር። ሱናሚው መጥቶ መደበኛው የስልክ መስመር ሲቋረጥ የእነሱ ሬዲዮ ከደሴቶቹ ወደ ዋናው ምድር መልእክት ማስተላለፊያ ሆነ። እንዲህ ባለ ቀን የሚጠራው ሰው 1000 ዋት አይኖረውም። የመኪና ባትሪና ዛፍ ላይ የተጣለ ሽቦ ይኖረዋል። የሚሰማው ወይም የማይሰማው፣ በሌላው ጫፍ ያለው ሰው ክፍል ምን ያህል ጸጥ እንዳለ ነው።

የደቡቡ ደጋም ገደላማ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰው ቀጥፏል፤ ለመርዳት ከሮጡት ብዙዎቹ በሁለተኛው ናዳ ተቀብረዋል። በእንዲህ ያለ አገር የሚሰማ ጆሮ በየከተማው ቢኖር ትርፍ አይባልም። የ777 ደረጃዎቹ አምበሪቾ ተራራ ለቱሪስት ብቻ ሳይሆን ለአንቴናም የተመቸ ከፍታ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው አካል ይታወቃል፤ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። 5 ኪሎ ያለውን የሚመስል የክለብ ጣቢያ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቢከፈት፣ ተማሪው ፊዚክሱን ከጥቁር ሰሌዳ አውርዶ በጆሮው ይሰማዋል።

ያ ቀን ሲመጣ ዕቃው ምናልባት በስጦታ ይመጣል። ያኔ ከምስጋና ደብዳቤው ጋር ሁለት ጥያቄዎች አብረው ይሂዱ፤ ፋኑ ለስንት ሄርዝ ነው? የተሠራው ለስንት ሜትር ከፍታ ነው? ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃ መመሪያው ላይ "እስከ 2000 ሜትር" የሚል መስመር አለው። ሆሳዕና ያንን መስመር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ርእሰ መስተዳድር የሚቀመጥባት ከተማ እንደመሆኗ በየቢሮው የሚገባው ሰርቨር፣ በየሆስፒታሉ የሚተከለው መሣሪያ፣ በየግቢው የሚቆመው ጄኔሬተር ሁሉ ይኸው ጥያቄ ይመለከተዋል። ለቆላ የተጻፈ ቁጥር ደጋ ላይ እንዳለ አይሠራም።

እዚህ አገር የሚጮኸውን ነገር ዝም ማሰኘት የተለመደ የችግር አፈታት ነው። ማንቂያ ሲጮህ ማንቂያው ይነቀላል። አቤቱታ ሲበዛ አቤት ባዩ ይታዘባል። ስብሰባ ላይ የሚያጉረመርም ሠራተኛ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል። ከዚያ "አሁን ሰላም ነው" ይባላል። የሚጮኸው ግን ብዙ ጊዜ ሙቀቱን እያወጣ የነበረው ነው። እሱ ሲነቀል ሙቀቱ የትም አልሄደም፤ መውጫ አጣ እንጂ።

ጩኸትን መጥላት ተገቢ ነው። ደካማ ድምፅ ለመስማት የሚፈልግ ሰው ጸጥታ ያስፈልገዋል። ጸጥታ የሚገዛው ግን ሙቀቱን በመቀነስ፣ መንገዱን በማጽዳት፣ መውጫውን በማስፋት ነው፤ ሽቦ በመቁረጥ አይደለም። የትኛው እንደተደረገ ጆሮ አይለይም። ሁለቱም ጸጥ ይላሉ። የሚለየው ቴርሞሜትሩ ነው፤ ለመለካት ለሚፈቅድ።